ከምስሉ በፊት ጥላው

አደባባይ ላይ ፕሮጀክተር ተክሎ ሕዝብ የሚሳተፍበት የጥበብ ሥራ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ምስሉ ነው። ምን ይታይ፣ ምን ያህል ይግዘፍ፣ ምን ያህል ይድመቅ? እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ መታሰብ ያለበት አላፊ አግዳሚው በገዛ ሰውነቱ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ምስሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አደባባይ ትኬት ቆርጦ፣ የግድግዳ ጽሑፍ አንብቦ የሚገባ ተመልካች የለውም። ያለው ታክሲ ሊይዝ የሚሮጥ፣ ልጁን በእጁ የያዘ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው "እዚህ ቁም፣ እጅህን አንሣ" የሚል መመሪያ መለጠፍ ካስፈለገ ሥራው ገና ሳይጀመር ተሸንፏል።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ሜክሲኮ ተወልዶ ካናዳ የሚሠራው ራፋኤል ሎዛኖ-ሄመር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሮተርዳም ውስጥ ባሳየው "ቦዲ ሙቪስ" በተሰኘ ሥራው መንገድ ላይ የተነሡ የሰዎችን ፎቶዎች በትልቅ ሕንፃ ግድግዳ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ መሬት ላይ ባስቀመጣቸው ኃይለኛ መብራቶች ፎቶዎቹን መልሶ አጠፋቸው። ብርሃኑ ስለሚውጣቸው ግድግዳው ባዶ ይመስላል። አንድ መንገደኛ በመብራቱ ፊት ሲያልፍ ጥላው ግድግዳው ላይ ይወድቃል፤ በጥላው ውስጥ ደግሞ የማያውቀው ሰው ከነሙሉ ቁመናው ብቅ ይላል። ሁሉም ፎቶዎች በጥላ ሲገለጡ ኮምፒውተሩ በሌሎች ይተካቸዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም፤ ከማያውቃቸው ጋር ቦታ መከፋፈል አለበት።

የጥላው ትልቁ ጉልበት ማንም ሳያስተምረን የምናውቀው መሆኑ ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። መብራቱ ከግድግዳው 40 ሜትር ርቆ መሬት ላይ ቢቀመጥ፣ ከመብራቱ 4 ሜትር ላይ የቆመ፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ ልጅ 12 ሜትር የሚደርስ ጥላ ይጥላል። 1.8 ሜትር የሚረዝመው አባቱ ግን ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ከመብራቱ 36 ሜትር ቢርቅ ጥላው 2 ሜትር ብቻ ነው። ልጁ ሁለት እርምጃ ሲንቀሳቀስ አባቱን በመዳፉ የሚያነሣው ይመስላል። የሥራውን ቪዲዮዎች ያየ ሰው ሕዝቡ ፎቶ ከመፈለግ ይልቅ በዚህ የጥላ ጨዋታ እንዴት እንደተጠመደ ያስተውላል። ይህ ለእኔ የንድፉ ስኬት ነው፤ ሠሪው ያላዘዘውን ነገር ሕዝቡ ራሱ አገኘበት።

ከዚህ የሚከተለው የቴክኒክ ሥራም ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። 20,000 ሉመን የሚሰጥ ፕሮጀክተር 400 ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ቢዘረጋ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 50 ሉመን ነው፤ ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ይመጥጠዋል። አጠገቡ ያለ የመንገድ መብራት ብቻውን ጥላውን ሊያደበዝዘው ይችላል። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ በፊት መብራቱን ለማጥፋት ሥልጣን ካለው መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገር ይቀድማል። የሰዎቹን እንቅስቃሴ የሚከታተለው ካሜራም ቢሆን በኢንፍራሬድ ካልሠራ የሚንቀሳቀሰውን ምስል ከሰው ሊለየው ይቸግረዋል።

"ጥላ ጨዋታ ነው፤ ከባድ ነገር መሸከም አይችልም" የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ሌላው የአደባባይ ፕሮጀክሽን ሠሪ ክሺሽቶፍ ቮዲችኮ በዚያው በ2001 የሜክሲኮ ከተማ በሆነችው ቲኹዋና የሠራው ሥራ ጥላ የለበትም። የፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ ሴቶች ካሜራና ማይክሮፎን የተገጠመለት መሣሪያ ጭንቅላታቸው ላይ አጥልቀው በሥራ ቦታና በቤት ውስጥ የደረሰባቸውን በደል ሲናገሩ ፊታቸው በዚያችው ቅጽበት የከተማዋን የባህል ማዕከል ግዙፍ ሉል ሞላው። ልብ በሉ፤ እዚህም የቀደመው ሰውነት ነው፤ አፍ የከፈተች፣ ጭንቅላቷ ሲዞር ካሜራው አብሯት የሚዞር ሴት። ምስሉ ድርጊቷን ተከተለ እንጂ አልመራትም። ጥላ ለሁሉም ጉዳይ ይበቃል አልልም፤ ምስክርነት ድምፅ ይፈልጋል፣ የተናጋሪዋም ደኅንነት ከመብራቱ በፊት መታሰብ አለበት።

ሁለተኛውን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም፤ ሰውን የሚከታተል ካሜራ ጥበብ ስለተባለ ክትትል መሆኑ አይቀርም። ሎዛኖ-ሄመር እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ባቀረበው "አንደር ስካን" የተባለ ሥራ በየ7 ደቂቃው ሁሉን ያቆምና ኮምፒውተሩ ሰውን የሚከታተልበትን የመስመር መረብ መሬቱ ላይ ያበራው ነበር። የቆመበትን መረብ ያየ ሰው እየታየ መሆኑን ያውቃል፤ ከፈለገም ወጥቶ ይሄዳል። ይህ ችግሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። ምስል አለማከማቸት፣ ፊት የሚለይ ሶፍትዌር አለመጠቀም ሲጨመርበት ግን ሠሪው ሊቆምበት የሚችል አቋም ይሆናል።

"መሣሪያው ውድ ነው" ለሚሉም ሐሳቡን ለመፈተን ፕሮጀክተር መከራየት እንደማያስፈልግ ልንገራችሁ። አንድ ኃይለኛ አምፖል መሬት ላይ አስቀምጡ፣ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሩ፣ ሲመሽ አብሩትና ዘወር በሉ። አንድ ልጅ እጁን ሲዘረጋ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት የጥላዋን ጫፍ ስታስተካክል፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጥላቸው ሲነካካ ቆመው ሲተያዩ ካያችሁ ሥራው አለ። ማንም ካልቆመ የመብራቱን ቦታ ቀይሩና በማግስቱ እንደገና ሞክሩ።