ስለ ሁምቦ ጉቶዎችና ስለ ምድር ሙቀት

አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት በምድጃ ውስጥ ነዶ ሲያልቅ የሚተርፈው ጥቂት ዐመድ ብቻ ነው። የቀረው ወዴት ሄደ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ መነሻ አድርገን፥ የምድር ሙቀት ስለ ምን እንደሚጨምርና ምን ቢደረግ እንደሚቀንስ በተቻለን መጠን ለመግለጽ እንሞክራለን። ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። እንጨቱ ሲነድ ካርቦኑ በዐየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናል። 12 ግራም ካርቦን 44 ግራም ጋዝ ስለሚሰጥ፥ ከአንድ ኪሎ እንጨት 1.8 ኪሎ የሚያህል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ የፀሓይን ብርሃን ወደ ምድር ያሳልፋል፤ ምድር መልሳ የምትሰደውን ሙቀት ግን ከፊሉን ይይዛል። ይህን ጠባዩን ጆን ቲንዳል በ1859 በመሣሪያ መርምሮ አሳይቷል። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሐዋይ ደሴት፥ በማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የዐየር ክፍል 315 ያህሉ ይህ ጋዝ ነበር፤ በ2024 ግን ከ420 በላይ ሆኗል።

ዛፍ ተቆርጦ ቢነድና በቦታው ሌላ ቢበቅል፥ የወጣው ጋዝ በጊዜ ብዛት ተመልሶ እንጨት ይሆናል። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ግን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ካርቦን በመሆናቸው፥ የሚወጣውን ያህል በቶሎ የሚመልስ ነገር የለም።

ለዚህ አስረጂ እንዲሆነን በወላይታ የሚገኘውን የሁምቦን ተራራ እንውሰድ። ደኑ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጦ ተራራው ተራቁቶ ነበር። ይሁን እንጂ ከመሬት በታች የብዙ ዛፎች ሥር አልሞተም ነበር። ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ርዳታ ገበሬዎቹ 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ፤ ከየጉቶው ከሚወጣው ቀንበጥ ጠንካራውን እየመረጡ የቀረውን ገረዙ። አብዛኛው ደን የተመለሰው በተተከለ ችግኝ ሳይሆን በዚሁ መንገድ ነው። የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ፈንድም ደኑ ከሚይዘው ካርቦን ከፊሉን ለመግዛት ከሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ተዋዋለ።

በሠላሳ ዓመት ደኑ 880,000 ቶን ጋዝ ይይዛል ተብሎ ተገምቷል። ይህ ብዙ ይመስላል። ዓለም ግን ከድንጋይ ከሰል፥ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ያህል ስለምታወጣ፥ ሒሳቡን ብናሰላው የሁምቦ ሰዎች የሠላሳ ዓመት ድካም የዓለምን የ12 ደቂቃ ተኩል ጢስ ብቻ የሚያካክስ ሆኖ እናገኘዋለን።

እንግዲህ ድካሙ ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ደኑ ጎርፍን ይገታል፥ አፈርን ይይዛል፥ ሣርና ማገዶ ይሰጣል፤ ይህ ጥቅም ጋዙ ቢሸጥም ባይሸጥም ለባለቤቶቹ ነው። ከንቱ የሚሆነው ሌላው ዓለም ከሰሉን ማንደዱን ሳይተው ዕዳውን በገበሬ ተራራ ላይ ሲጥል ነው። ዋናው መድኃኒት ጋዙን ከምንጩ ማቆም ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪክን ከውሃ፥ ከነፋስና ከፀሓይ ማውጣት፥ ተሽከርካሪንም በዚያው ኀይል ማንቀሳቀስ ነው።

የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ የሚገኝ ነው፤ በ2025 የተመረቀው የዓባይ ግድብም ይህን ኀይል ጨምሮታል። ዳሩ ግን አብዛኛው የገጠር ቤት ዛሬም እንጀራውን የሚጋግረው በእንጨት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪደርሰው ድረስ፥ ሙቀቱን በከንቱ የማያባክን ምድጃ ቢሠራለት ከየተራራው የሚቆረጠው እንጨት ይቀንሳል። የሁምቦን ገበሬ ጉቶውን ጠብቅ ስንለው፥ እናቶቻችን በምን ይጋግሩ የሚለውንም አብረን መመለስ ይገባናል።