ዘንገና ላይ ያነሳችሁት ቁራ ለምን ጥላ ብቻ ሆነ?

እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው። ውሃው የሰማዩን ብርሃን እንደ መስታወት ይመልሳል። ካሜራችሁ ይህን ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ዳር ቅርንጫፍ ላይ ያረፈው ቁራ ታዲያ ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል። የደጋችንን ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ የምንለየው ማጅራቱ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ነው፤ እሱ ካልታየ ፎቶው ለአጥኚ ብዙም አይጠቅምም።

በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ወፉን ነካ አድርጉና ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። ግን በልኩ! ከበዛ ነጩም ላባውም አንድ ይሆናል።

ቢበርስ? በሰከንድ 10 ሜትር የሚበር ወፍ በሰከንድ 1/100ኛ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ በ1/1000ኛ ግን 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ስለዚህ ሹተሩን አፍጥኑት። በዚህ የተነሳ ብርሃን ሲያንስ አይኤስኦውን ጨምሩ፤ ፎቶው አሸዋ አሸዋ ቢመስልም ከደበዘዘ ይሻላል።