ባሕሩ ሄደ፣ ኮራሉ ቀረ

ባለፈው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ካርታ ስንሥል አንዷ ተማሪ «አፋር ባሕር የለም፤ ታዲያ ያ ሁሉ ጨው ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

በደናክል ረባዳ ምድር ዳር ዳር የኮራል ድንጋይ ይገኛል። ኮራል በሞቃት ባሕር፣ ብዙም ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነው። ከውሃው ኖራ እየወሰደ ቤቱን ይሠራል። እሱ ሲሞት ቤቱ ይቀራል፤ ሌላው ከላዩ ይሠራል፤ በብዙ ዘመን ትልቅ የድንጋይ ግንብ ይሆናል። ኮራል እግር የለውም፣ ተራራ አይወጣም። ደረቅ መሬት ላይ ካገኛችሁት ወይ ባሕሩ ወርዷል፣ ወይ መሬቱ ተነሥቷል፤ ወይም ሁለቱም ሆነዋል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዕድሜው ያስፈልጋል። እኔ ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ በሒሳብ መዝገብ ላስረዳችሁ። በባሕር ውሃ ውስጥ ዩራኒየም የሚባል ንጥረ ነገር በጥቂቱ ሟሙቶ አለ። ቶሪየም የሚባለው ግን በውሃ ውስጥ የለም ቢባል ይቀላል። ስለዚህ ኮራሉ ቤቱን ሲሠራ ዩራኒየም ያስገባል፤ የቶሪየም መክፈቻ ሒሳቡ ዜሮ ነው። ከዚያ በኋላ ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት፣ ሳይቸኩል ሳይዘገይ፣ ወደ ቶሪየም ይለወጣል። ዛሬ ሁለቱን ለክተን ስናስተያይ ስንት ዓመት እንዳለፈ እናውቃለን። የዝናብ ውሃ ገብቶ ኮራሉን ከለወጠው ግን መዝገቡ እንደተፋቀ ይቆጠራል፤ አይታመንም።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ኮራል ዛሬ ከባሕር በላይ 31 ሜትር ላይ ተገኘ እንበል። ዕድሜው 125,000 ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ባሕሩ ራሱ ከዛሬው ቢያንስ 6 ሜትር ያህል ከፍ ይል ነበር። 31 ሲቀነስ 6፣ 25 ሜትር። ያን ያህል የተነሣው መሬቱ ነው። 25 ሜትር ለ125,000 ዓመት ሲካፈል በዓመት 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጥፍራችሁ በሁለት ቀን የሚያድገውን ያህል ማለት ነው! ዕድሜውን ባናውቅ ኖሮ ይህን ሒሳብ መጀመርም አንችልም ነበር።

በዚሁ መንገድ የሃዋይዋ ኦዋሁ ደሴት ቀስ እያለች እንደምትነሣ ታውቋል። ትልቋ የሃዋይ ደሴት እሳተ ገሞራዎቿ ከብደው የባሕሩን ወለል ሲያጎብጡት፣ ራቅ ያለው ወለል ብድግ ይላል። ኦዋሁም አብራ ትነሣለች።

ወደ አፋር እንመለስ። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ወደ ደናክል ገብቶ ነበር። ኮራሉ የበቀለው በዳርቻው ነው። በኋላ የባሕሩ ከፍታ ወረደ፣ መግቢያውም ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዛሬ ዳሎል አካባቢ መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የአፋር ሰዎች ቆርጠው በግመል የሚጭኑት አሞሌ ከዚሁ ጨው ነው።

በዛሬዋ ኤርትራ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ፣ አብዱር በሚባል ቦታ ደግሞ በዚያው ዘመን ኮራል ውስጥ ሰዎች የሠሩት የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል። ይህ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የኮራሉ ዕድሜ ባይታወቅ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ባሕሩ ዳር መቼ እንደነበሩ ማን ይነግረን ነበር?

ወላጆች ሆይ፣ ከፌርፋክስ ብዙ ሳትርቁ ልጆቹን ወደ ፓሎስ ቨርደስ ውሰዷቸው። ኮረብታው እንደ ሀገራችን የእርሻ እርከን ደረጃ ደረጃ አለው። እርከኖቹን የቆረጣቸው ባሕሩ ነው፤ ከፍ ያደረጋቸው ደግሞ የመሬቱ መነሣት። ባለሙያዎች 13 ቆጥረዋል። ልጆች፣ እናንተስ ስንት አገኛችሁ? በአማርኛ ጽፋችሁ ለቅዳሜ አምጡልኝ።

ቸር እንሰንብት።