የእንጦጦ ሥዕሎችና የፋይል እመቃ

ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው የእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ጠፈር የመጠቀችው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት የላከችውን ምስል የተቀበለው ጣቢያም የተተከለው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። ወደ ሰማይ የሚመለከተውም ሆነ ከሰማይ ወደ ምድር የሚመለከተው መሣሪያ በመጨረሻ የሚያስረክበን ፋይል ነው፤ ፋይሉም እጅግ ትልቅ ነው።

በወርድም በቁመትም 2,048 ነጥብ ያለውን ሥዕል ለአብነት እንውሰድ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢመደብ፣ አንዱ ሥዕል 8,388,608 ባይት ይሆናል። ተመልካቹ 512 ሥዕል አንሥቶ ታር በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ባንድነት ቢጠቀልላቸው (ታር ይጠቀልላል እንጂ አያምቅም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል)፣ የራስጌ ጽሑፋቸው ሳይቆጠር ድምሩ 4,294,967,296 ባይት ነው። በብዙ ፍላሾች ላይ የሚገኘው ፋት32 የተባለው የፋይል ሥርዓት ግን ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው ከዚህ ቁጥር በአንዲት ባይት የሚያንሰውን ነውና፣ ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረው እንኳ ፋይሉን አይቀበልም።

መላው ማመቅና መክፈል ነው። የማመቅ ምስጢር በየካ ሚካኤል ማኅሌት ለቆመ ደብተራ እንግዳ አይሆንበትም። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓ ምልክት ሲሠሩለት፣ ቀድሞ የታወቀው ዜማ ከተገኘበት ቃል ጥቂት ፊደል ብቻ ተወስዶ ከንባቡ በላይ በቀጭን ብዕር እንዲጻፍ አደረጉ፤ መሪጌታውም ያችን ፊደል ባየ ጊዜ ዜማው በሙሉ ይመጣለታል። ያዕቆብ ዚቭና አብርሃም ሌምፔል በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስልት መሠረቱ ይኸው ነው፤ መርሐ ግብሩ ፋይሉን ሲያነብ፣ አስቀድሞ ያየው የባይት ተርታ ዳግመኛ ቢገጥመው፣ እርሱን መልሶ በመጻፍ ፈንታ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመልሰህ ይህን ያህል ቅዳ» የሚል አጭር ምልክት ያኖራል። ዴቪድ ሃፍማን በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ለሚዘወተረው አጭር፣ ለብርቁ ረጅም ምልክት የመስጠት ጥበብ ሲታከልበት፣ ጂዚፕ የተባለው የማመቂያ መርሐ ግብር የሚሠራበት ዘዴ ይገኛል።

ሥርዓት የሌለው ነገር ግን አይታመቅም፤ ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ድንበሩን በሒሳብ አስቀምጦታል። በሰማይ ሥዕል ላይ ከብርሃኑና ከካሜራው የሚመጣው ሁከት የእያንዳንዱን ነጥብ ታናናሽ አኃዞች ያለ ሥርዓት ስለሚያዋዥቃቸው፣ ጂዚፕ ብዙ ድግግሞሽ አያገኝም፤ ስለዚህም የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የተጎራባች ነጥቦችን ልዩነት በአጭሩ የሚመዘግበውን ኤፍፓክን ይመርጣሉ። የጄፔግ ፎቶግራፍን እንደገና ማመቅማ፣ ቀድሞውንም የታመቀ ነውና፣ ከንቱ ድካም ነው።

መክፈል ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ስፕሊት የተባለው ትእዛዝ የፋይሉን ነገር ሳይመረምር፣ በ1 ጊጋባይት ቢሉት በዚያው ልክ እየቆረጠ፣ በየቁራጩ ስም መጨረሻ በላቲን ፊደል ተራ ሁለት ሁለት ፊደል ይቀጥላል፤ ካት የተባለው ትእዛዝም በዚያው ተራ ሲያገጣጥማቸው፣ ፋይሉ እንደ ጥንቱ ይመለሳል። መመለሱን የሚመሰክረው ግን ዓይን አይደለም፤ ሻ256 የሚባለው ስሌት ከመቁረጥ በፊትና ከመግጠም በኋላ የሚያወጣው ባለ 64 ምልክት መለያ አንድ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ዋናውን መደምሰስ ይገባል።

ስለ ቅደም ተከተሉ የኔ ምርጫ፣ አስቀድሞ እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻው አምቆ፣ ኋላ በታር ጠቅልሎ፣ በመጨረሻ መክፈል ነው፤ ጥቅሉ ባንድነት ታምቆ ከመካከል አንድ ቁራጭ ቢጠፋ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አይፈታም፤ በየራሳቸው የታመቁት ግን የሚጠፉት በዚያ ቁራጭ ውስጥ የነበሩት ብቻ ናቸው።