ቀስተ ደመናው፣ አምበሎቹና ጀስቲን ፋሻኑ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ስቶንዎል ከተባለው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋች ድርጅት ጋር ሲሠራ ቆይቶ በ2025 ክረምት ተለያየ። ከእንግዲህ የቀስተ ደመና ዘመቻውን ራሱ እንደሚያዘጋጅ፣ ጊዜውንም በብሪታንያ የኤልጂቢቲ ታሪክ ወር ተብሎ ከሚከበረው ከፌብሩዋሪ ጋር እንደሚያገጣጥም ተነገረ። ከ2005 ጀምሮ የሚከበረው ይህ ወር የመጣው በትምህርት ቤቶች ስለ ጉዳዩ መነጋገርን ለዓመታት ያሸማቀቀ ሕግ ከተሻረ በኋላ ነው።

ነገሩ መወዛገብ የጀመረው ግን ከመለያየቱ በፊት ነው። በ2024 ዲሴምበር መግቢያ የሊጉ አምበሎች የቀስተ ደመና ቀለም ያለበትን ማሰሪያ በክንዳቸው አስረው እንዲገቡ ታቅዶ ነበር። የኢፕስዊች ታውኑ ሳም ሞርሲ ሃይማኖቱን ጠቅሶ የተለመደውን ማሰሪያ አሰረ፤ ክለቡም ውሳኔውን አከበረለት። የክሪስታል ፓላሱ ማርክ ጉዌሂ ደግሞ ማሰሪያውን አሰረና በላዩ ላይ ኢየሱስን እንደሚወድ ጻፈበት። የእግር ኳስ ማኅበሩ በመለያ ላይ ሃይማኖታዊ መልእክት መጻፍን የሚከለክለውን ደንብ ቢያስታውሰውም በቀጣዩ ጨዋታ ኢየሱስ እንደሚወዳቸው ለተመልካቾቹ ጽፎ ወጣ። ቅጣት አልተላለፈበትም። በዚያው ሰሞን የማንቸስተር ዩናይትዱ ኑሴር ማዝራዊ አልለብስም በማለቱ ቡድኑ በሙሉ ለማሟሟቂያ የተዘጋጀለትን የዘመቻውን ጃኬት መተዉ ተዘገበ።

ወሬው ሁሉ ማን ምን አሰረ፣ ማን ምን አልለበሰም ሆነ። ሊጉ በ1992 ከተመሠረተ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን እየተጫወተ በይፋ የተናገረ አንድም ተጫዋች እንዳልነበረው ያነሳ ጥቂት ነው። የስቶንዎል ዘመቻ በ2013 ሲጀመር የቀስተ ደመና ቀለም ያላቸው የጫማ ማሰሪያዎች በእንግሊዝና በስኮትላንድ ላሉ 134 ፕሮፌሽናል ክለቦች ተልከው ነበር። ማሰሪያ ማደል ቀላል ነው። የከበደው የመልበሻ ክፍሉ ጉዳይ ነው፤ ለዚህም ከጀስቲን ፋሻኑ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ፋሻኑ በ1961 ለንደን ውስጥ ከናይጄሪያዊ አባትና ከጉያናዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው ግን በኖርፎክ ገጠር በአሳዳጊዎች ቤት ነው። በፌብሩዋሪ 1980 ኖርዊች ሲቲ ሊቨርፑልን ሲገጥም ገና 18 ዓመቱ ነበር። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳሷን ተቀበለ፣ በቀኝ እግሩ ወደ ላይ ከፍ አደረጋት፣ ዞረና መሬት ሳትነካ በግራው ከሳጥኑ ውጭ መታት። ሬይ ክሌመንስ ሊደርስባት አልቻለም። ኖርዊች 5 ለ 3 ቢሸነፍም ጎሏ በቢቢሲ የዓመቱ ምርጥ ተባለች። በቀጣዩ ዓመት ኖቲንግሃም ፎረስት 1 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው፤ በዚያ ዋጋ የተዘዋወረ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋችም ሆነ።

ኖቲንግሃም ግን አልቀናውም። በ32 የሊግ ጨዋታዎች 3 ጎል ብቻ አስቆጠረ። አሰልጣኙ ብራያን ክላፍ ተጫዋቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ወደሚያዘወትሩባቸው የምሽት ክበቦች ይሄዳል የሚል ወሬ ሲደርሰው አፋጠጠው፤ ከልምምድም አገደው። ፋሻኑ እዚያው ከተማ ሳለ ዳግም የተወለደ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ እምነትንና ቀስተ ደመናውን ፊት ለፊት አቁመው የሚከራከሩ ሰዎች ይህችን ነገር ይዘነጓታል፤ የታሪኩ ዋና ሰው አማኝ ነበር፤ ሁለቱንም ይዞ ለመኖር ሲታገል ኖረ።

በኦክቶበር 1990 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን «ዘ ሰን» ጋዜጣ ላይ አወጣ። ራሱም ስመ ጥር ተጫዋች የነበረው ወንድሙ ጆን በአደባባይ ካደው፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ተጸጸተ። ፋሻኑ በ1998 አሜሪካ ውስጥ በወሲብ ጥቃት ተከሰሰ፤ ክሱን አስተባብሎ በሜይ 2 ለንደን ውስጥ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። 37 ዓመቱ ነበር። የእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም በክብር መዝገቡ ያሰፈረው በ2020 ነው።

ሌሎቹ ስፖርቶች በዚህ ረገድ ትንሽ ቀድመዋል፤ የዌልሱ የራግቢ ኮከብ ጋሬዝ ቶማስ በ2009፣ የውኃ ዝላይ ስፖርተኛው ቶም ዴሊ በ2013 ተናግረዋል። የሴቶቹ እግር ኳስማ ሌላ ዓለም ነው። በ2019 የዓለም ዋንጫ ምርጥ ተጫዋችና ኮከብ ጎል አግቢ የሆነችው ሜጋን ራፒኖ ስለ ፍቅር ሕይወቷ ከዚያ በፊት በይፋ ተናግራ ነበር፤ ያን ያህል ጉድም አልተባለላትም።

ለኢትዮጵያውያን ተመልካቾች ጉዳዩ ቤት ድረስ የሚመጣው በዲኤስቲቪ ነው። በአገራችን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ሊጉ ግን ከነቀለሙ ቅዳሜና እሑድ ይታያል። በኳታሩ የ2022 ዓለም ዋንጫ ሰባት የአውሮፓ ቡድኖች ለአምበሎቻቸው ያዘጋጁትን ባለ ቀለም ማሰሪያ ፊፋ ቢጫ ካርድ አሳያለሁ ሲላቸው ባንድ ጊዜ መተዋቸውን አብረን አይተናል። ጀርመኖች ተቃውሟቸውን ለመግለጽ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ፎቶ ተነሡና በጃፓን ተሸነፉ።

ከዚያ ግርግር ስድስት ወር ቀደም ብሎ የ17 ዓመቱ የብላክፑል አጥቂ ጄክ ዳንኤልስ ከፋሻኑ በኋላ በእንግሊዝ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ እየተጫወተ በይፋ የተናገረ የመጀመሪያው ወንድ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ የነገረው ለእናቱና ለእኅቱ ነው፤ በማግስቱ ከአክሪንግተን ጋር ተጫውቶ አራት ጎል አገባ። የቡድን ጓደኞቹም ሲሰሙ ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከንም ብለው ጠየቁት።