የትከሻ ቀዶ ሕክምናና ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ

በዛሬው እትማችን ስለ ትከሻ እናወራለን። ለካምፕ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። እሱን የሚያነሳው፣ ልጅ የሚያዝለው፣ እንጀራ የሚጋግረው፣ የቀን ሥራ ሲገኝ ጆንያ የሚሸከመው ይኸው ትከሻ ነው።

እንደ መምህርነታችን በምሳሌ እናስረዳ። የጭን አጥንት ዳሌ ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ዘነዘና በሙቀጫ ነው፤ ጥልቅ ነው። ትከሻ ግን ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል ዙሪያውን የያዙት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ክንዳችን ወደፈለግንበት የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚወልቀውም ለዚሁ ነው። ትከሻ ይወልቃል፣ ጅማቱ ይበጠሳል፣ ሰው ሲወድቅ አጥንቱ ይሰበራል። ሁሉም ቀዶ ሕክምና አይፈልግም፤ ብዙው በእንቅስቃሴና በመድኃኒት ይሻለዋል።

ስለ ወጌሻም ሳንናገር አናልፍም። አገር ቤት ስንት ሰው ያዳኑ ወጌሾች አሉ፤ አንክድም። ነገር ግን የወለቀ ትከሻ ውስጥ የተሰበረ አጥንት ካለ፣ ሳይታይ መጎተቱ ክንድ የሚያነሳውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። አጥብቆ ማሰርም ደም እንዳያልፍ እያደረገ እጅ ያስቆረጠበት ጊዜ አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላማ ትከሻውን ማሳሸት ጨርሶ አይሆንም፣ የተሰፋው ጅማት ይለቃል።

ከአሊ አዴም ሆነ ከሆል ሆል ካምፕ በሪፈር ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚሄድ ሰው የስደተኛ መታወቂያውን፣ የሪፈር ወረቀቱንና የቀድሞ ራጁን ይያዝ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የሕክምና አገልግሎት የማግኘት መብት ሰጥቶናል፤ ሲጠይቁ ማፈር አያስፈልግም። ችግሩ ቋንቋው ነው። ፔልቲየርን በመሰለ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሙ የሚጽፈው በፈረንሳይኛ ነው። "ራዲዮ ተነሺ" ብትባሉ ዜና የሚሰማበት አይምሰላችሁ፣ ራጅ ማለት ነው። "ኤፖል" ትከሻ ነው፤ "ድርዋት" ቀኝ፣ "ጎሽ" ግራ። "ኪኔ" የሚባለው እንቅስቃሴ የሚያሠራችሁ ባለሙያ ነው። የትኛው ትከሻ እንደሚቀደድ ግን በቃል ብቻ አትተዉት፤ በእጃችሁ ጠቁሙ፣ ምልክት እንዲደረግበት ጠይቁ።

ለማደንዘዣ ባለሙያው ምንም አትደብቁ፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እርግዝና፣ የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ፤ ጫትም ጭምር። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ከማደንዘዣ ጋር አይስማማም። ሲጋራ ደግሞ የጅማቱን መዳን ያዘገያል። አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው 6 ሰዓት በፊት ምግብ፣ 2 ሰዓት በፊት ደግሞ ውሃም ይቆማል፤ ሐኪሙ ሌላ ካዘዘ እሱ ይበልጣል። በመርፌ የደነዘዘ ክንድ እስከ ማግስቱ የእናንተ ላይመስላችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ እሳት አጠገብ ብቻ አታስጠጉት።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል፤ ጅማት ከአጥንት ጋር የሚያያዘው ግን በወራት ነው። ጅማቱ ለተሰፋለት ሰው ክንዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ጨርቅ ይቆያል። ጉልበት ማጠናከር የሚጀመረው ወደ 3 ወር ገደማ ነው፤ ከባድ ነገር ማንሳት ብዙ ጊዜ እስከ 6 ወር ይዘገያል። ያውም በኪኔው ፈቃድ። አደጋው ሕመሙ ቀድሞ መጥፋቱ ላይ ነው። በሁለተኛው ወር እናት "ኧረ ድኛለሁ" ብላ ጀሪካኑን ታነሳለች፤ ያን ጊዜ ስፌቱ ገና ነው። እንደገና ከተበጠሰ ሁለተኛው ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል።

እስከዚያው ጣት፣ አንጓና ክርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀሱ፣ አለበለዚያ ይደርቃሉ። ኪኔው ሲፈቅድ ጎንበስ ብሎ ክንዱን ማንጠልጠልና ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ነው፤ ቄስ ጽና እንደሚያወዛውዙት፣ ክንዱ ራሱን ሳያነሳ።

መኝታው ያስቸግራል። ጠፍጣፋ ተኝቶ ማደር ያማል፤ ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ከክርን በታች ትራስ አድርጎ በከፊል ተቀምጦ መተኛት ይሻላል። ልብስ ሲለበስ የታመመው ክንድ አስቀድሞ ይግባ፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይውጣ። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይመቻል። የጅቡቲ ሙቀት በበጋቸው ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ብብት ይቆስላል። ጎንበስ ብሎ ክንዱን በማንጠልጠል ብብቱን አጥቦ ማድረቅ ነው። ሐኪሙ "መቆየት ይችላል" ካለ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ቢደረግ እንመርጣለን፤ ስብራት ግን ወቅት አይጠብቅም።

ምግብም ጥገና ነው፦ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ከተገኘ ዓሣ። በጾም ወራትም ሆነ በረመዳን የታመመ ሰው አይገደድም፣ የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን መጠየቅ ነው። ትኩሳት፣ መግል፣ የጣት መጥቆር፣ የአንድ እግር ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጨርሱ። አንደኛ፣ ስፌቱ ብዙ ጊዜ በ10 እና በ14 ቀን መካከል ይወጣልና ይህ በካምፑ ጤና ጣቢያ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ለዚያ ብቻ ከተማ መመለስ የመኪናና የማደሪያ ወጪ ነው። ሁለተኛው ውሃው ነው። ከደብተር አንድ ገጽ ቅደዱና የሳምንቱን ቀናት ጻፉ፤ በእያንዳንዱ ቀን ትይዩ ጀሪካን የሚያመጣውን የጎረቤት ልጅ ስም አስገቡ። እናቶች ቡና ላይ ሲገናኙ የሚያልቅ ሥራ ነው። ወረቀቱ በር ላይ ይለጠፍ፣ እስከ ስድስተኛው ወርም አይነሳ።