የጡት ካንሰር ታካሚዎችን ለጨረር ሕክምና ማዘጋጀት፦ የላኪው የጤና ባለሙያ ድርሻ

መግቢያ

የጨረር ሕክምና ከቀዶ ሕክምና፣ ከኬሞቴራፒና ከሆርሞን ሕክምና ጋር ተቀናጅቶ ለጡት ካንሰር የሚሰጥ ዋነኛ የሕክምና ዘርፍ ነው። ዓላማውም ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ በጡት፣ በደረት ግድግዳ ወይም በአካባቢው በሚገኙ ንፍፊቶች ውስጥ ተሰውረው የቀሩ የካንሰር ሕዋሳትን ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመና ከ10 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተ የጥናቶች ጥምር ትንተና ጠቃሚ ማስረጃ አቅርቧል። ጡታቸው ሳይወገድ ዕጢው ብቻ ለወጣላቸው ሴቶች ጨረር ሲጨመር፣ በ10 ዓመት ውስጥ በሽታው የሚያገረሽባቸው ከ35 በመቶ ወደ 19 በመቶ ገደማ፣ በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የሚሞቱትም ከ25 በመቶ ወደ 21 በመቶ ገደማ ዝቅ ብለዋል። በ2014 የወጣው ተከታይ ትንተና ደግሞ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ተወግዶ በብብታቸው ንፍፊት ካንሰር የተገኘባቸው ሴቶችም ከጨረር ተመሳሳይ ጥቅም እንደሚያገኙ አመልክቷል።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 መሣሪያ ነበር። ማዕከሉ ከ20 ዓመታት በላይ በመላ አገሪቱ ብቸኛ ሆኖ አገልግሏል። ከዚያ ወዲህ ሊኒየር አክሰለሬተር የተባሉት ዘመናዊ መሣሪያዎች በዚያው በጥቁር አንበሳ፣ እንዲሁም በጅማ ሥራ ቢጀምሩም ማዕከላቱ ከታካሚው ብዛት አንጻር ጥቂት ናቸው። በመሆኑም ታካሚዋ ወረፋ እየጠበቀች የምትቆይበት ጊዜ ረጅም ሊሆን ይችላል። ይህ ጊዜ በአግባቡ ከተሠራበት የሕክምናው አካል ይሆናል፤ በከንቱ ካለፈ ግን ወራት የተጠበቀው ቀጠሮ ሊበላሽ ይችላል። ዝግጅቱ የሚከናወነው በአብዛኛው በጨረር ማዕከሉ ሳይሆን ታካሚዋን በሚልከው ሆስፒታልና በምትኖርበት አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያ ነው።

ትከሻንና ቁስልን ማዘጋጀት

ጨረር በሚሰጥበት ጊዜ ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ ያለ እንቅስቃሴ መቆየት ይኖርባታል። ክንዱ ካልተነሣ የጨረሩ መሥመር በክንዱ ላይ ያልፋል፤ አለበለዚያም መታከም የሚገባው ክፍል ሳይሸፈን ይቀራል። ከብብት ንፍፊት የወጣላት ሴት ደግሞ ሕመሙን ፈርታ ክንዷን ከጎኗ ሳታላቅቅ ከሰነበተች ትከሻዋ ይደርቃል። ከሩቅ አገር ተጉዛ፣ ለመጓጓዣና ለማረፊያ ገንዘብ አውጥታ፣ ክንዷ ባለመነሣቱ ብቻ ቀጠሮዋ የሚራዘምባት ታካሚ ጉዳት በጥቂት ሳምንታት እንቅስቃሴ ሊወገድ የሚችል ነው።

ስለዚህ ቀለል ያለ የክንድ እንቅስቃሴ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ፣ ከፍ ያለው ደግሞ የፍሳሽ ማስወገጃው ቱቦ ከወጣ በኋላ በቀዶ ሐኪሙ ፈቃድ መሰጠት አለበት። ግድግዳ ላይ ጣቶችን እያራመዱ ወደ ላይ መውጣት፣ በጀርባ ተኝቶ ሁለቱን እጆች አቆላልፎ ቀስ በቀስ ከራስ በላይ ማሳለፍ፣ በተጎዳው ወገን እጅ ፀጉርን ማበጠር ያለ ምንም መሣሪያ በቤት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። እንቅስቃሴው በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ቢደጋገም መልካም ነው። ባለሙያው ታካሚዋን ከመላኩ በፊት በምርመራ አልጋ ላይ አስተኝቶ ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አድርጋ 15 ደቂቃ ያህል መቆየት መቻሏን ቢፈትሽ ችግሩን አስቀድሞ ያውቃል።

ቁስሉም መዳኑ መረጋገጥ ይኖርበታል። ያልደረቀ ቁስል፣ ኢንፌክሽን ወይም ከቆዳ ሥር የተቋጠረ ፈሳሽ ካለ አስቀድሞ መታከም አለበት። በአንጻሩ ትንሽ እንከን ስለታየ ብቻ ታካሚዋን ለወራት ማቆየት ተገቢ አይደለም። ኬሞቴራፒ ለማትወስድ ታካሚ ጨረር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ፣ ኬሞቴራፒ ለምትወስድ ደግሞ የመጨረሻው ዙር ካለቀ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ገደማ በኋላ እንዲጀመር ይመከራል። ቀጠሮውም ኬሞቴራፒው ከማለቁ በፊት መያዝ ይኖርበታል።

የተሟላ መረጃ መላክ

የጨረር ሐኪሙ የሚታከመውን ቦታና መጠን የሚወስነው በእጁ በሚገኘው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከሪፈራል ወረቀቱ ጋር የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር፣ ሙሉው የፓቶሎጂ ውጤት፣ የተሰጠው ኬሞቴራፒ ዓይነትና የዙር ብዛት፣ እንዲሁም የራጅና የአልትራሳውንድ ውጤቶች መያያዝ አለባቸው። የፓቶሎጂው ውጤት የዕጢውን መጠን፣ የቀዶ ሕክምናው ጠርዝ ከካንሰር የጸዳ መሆኑን፣ የተመረመሩትንና ካንሰር የተገኘባቸውን ንፍፊቶች ብዛት፣ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራውንም ማካተት ይኖርበታል።

ኬሞቴራፒ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በተሰጠ ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ዕጢውን ሊያሟሽሸው፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ሊያጠፋው ስለሚችል በኋላ የሚገኘው የፓቶሎጂ ውጤት በሽታው መጀመሪያ የነበረበትን ደረጃ አያሳይም። ጨረር ማስፈለጉ ግን በመነሻውም ደረጃ ጭምር ይወሰናል። ስለሆነም ታካሚዋን መጀመሪያ ያየው ባለሙያ የዕጢውን መጠን በሴንቲሜትር፣ የቆዳውንና የብብቱን ሁኔታ በቀላል ሥዕል አስደግፎ በካርዱ ላይ ቢያሰፍር ከወራት በኋላ ለሚሰጠው ውሳኔ መሠረት ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ቀደም ሲል በደረት ላይ ጨረር መውሰዷ፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለላት መሆኑና እንደ ስክሌሮደርማ ያለ በሽታ መኖሩ መጠቀስ አለበት። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ካሉ መስተካከላቸው፣ ኤችአይቪ ካለባት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ መቀጠሏ ይረጋገጥ። ኤችአይቪ በደሟ መገኘቱ ብቻውን ጨረርን አይከለክልም። በወሊድ ዕድሜ ላይ ለምትገኝ ሴት የእርግዝና ምርመራ ግዴታ ነው። በኬሞቴራፒ ምክንያት የወር አበባ መቅረት ማርገዝ አይቻልም ማለት አለመሆኑ ሊነገራት ይገባል። ሆርሞን ያለባቸው የእርግዝና መከላከያዎች፣ ማለትም እንክብል፣ መርፌና በክንድ የሚቀበረው፣ ለጡት ካንሰር ታካሚ አይመከሩም፤ ሆርሞን የሌለው፣ መዳብ ያለበት ሉፕ ወይም ኮንዶም ተመራጭ ነው።

ማስረዳትና ፍርሃትን ማቃለል

ብዙ ታካሚዎች ጨረር ማለት በእሳት መቃጠል፣ ወይም ተስፋ ለተቆረጠበት ሰው የሚሰጥ የመጨረሻ ሙከራ ይመስላቸዋል። ቤተሰብም በቀና ልብ ተነሣስቶ “የበሽታውን ስም አትንገሯት” ብሎ ባለሙያውን የሚለምንበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ስለ በሽታዋ የማታውቅ ሴት በእውነት ፈቅዳ ልትታከም አትችልም፤ ሕመም ሳይሰማት በየቀኑ ወደ ሆስፒታል የምትመላለስበት ምክንያትም አይገባትም። ባለሙያው ከቤተሰቡ ጋር ከመከራከር ይልቅ ታካሚዋን ለብቻዋ አግኝቶ ምን እንደምታውቅና ምን ማወቅ እንደምትፈልግ ቢጠይቃት፣ በፈቃዷም ባለቤቷን ወይም የምትተማመንበትን ሰው ቢያካትት ይሻላል።

የሚነገራትም ቀላልና እውነተኛ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚደረገው ልኬት ነው፤ በሲቲ ስካን እየታየ በቆዳዋ ላይ በቀለም ወይም በመርፌ ጫፍ የምታህል የንቅሳት ነጥብ ምልክት ይደረጋል። በሕክምናው ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻዋን ትሆናለች፤ ሆኖም ባለሙያዎች በካሜራ ያዩአታል። ጨረሩ አይታይም፣ ሲሰጥም አያምም። በደረት ላይ የሚሰጥ ጨረር የራስ ፀጉርን አያረግፍም። ከሁሉም በላይ፣ ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጥ ጨረር በሰውነቷ ውስጥ ስለማይቀር ልጆቿን ማቀፍ፣ ከቤተሰቧ ጋር መብላትና መተኛት ትችላለች። ይህን ባለማወቅ ራሳቸውን ከልጆቻቸው የሚያርቁ እናቶች እንዳይኖሩ ማድረግ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ለረጅም ዓመታት የተለመደው አሰጣጥ 50 ግሬይ በ25 ቀን፣ ማለትም በአምስት ሳምንት ነበር። በእንግሊዝ አገር የተካሄዱ ሰፊ ጥናቶች 40 ግሬይ በ15 ቀን መስጠት በውጤትም በደኅንነትም ከቀድሞው እንደማያንስ አሳይተዋል። በ2020 የታተመው ጥናት ደግሞ ለተመረጡ ታካሚዎች 26 ግሬይ በአምስት ቀን መስጠት እንደሚቻል አመልክቷል። ምርጫው የጨረር ሐኪሙ ነው፤ ታካሚዋ ግን የቀኑን ብዛት አስቀድማ ካወቀች ማረፊያና ስንቅ ታዘጋጃለች።

ቆዳ፣ እምነትና ኑሮ

ታካሚዋ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ትችላለች፤ ነገር ግን ማሸት፣ ምልክቱንም መፈግፈግ የለባትም። ቅቤ፣ የባህል ቅባትና ተጣባቂ ፕላስተር በሚታከመው ቦታ ላይ አይደረጉም። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይመረጣል። በጠይም ቆዳ ላይ የጨረር ለውጥ ከመቅላት ይልቅ ጠቁሮ ስለሚታይ ባለሙያው ይህን ማስተዋል አለበት። ለውጡ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለአንድና ሁለት ሳምንት ሊብስ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ሊድን እንደሚችል ቀድሞ ከተነገራት አትደናገጥም።

ማተብ ለምታስር ታካሚ ጉዳዩን አስቀድሞ ማንሳት ተገቢ ነው። የብረት መስቀል ወይም ክታብ ከጨረሩ መሥመር መውጣት አለበት፤ ክሩን ግን ወደ ሌላው ወገን ማድረግ ይቻል እንደሆነ ከማዕከሉ ጋር መነጋገር ይቻላል። ጸበል መጠመቅ የምትፈልግ ሴት ሁለቱን ከማማረጥ ይልቅ ሕክምናዋን ሳታቋርጥ፣ ምልክቱም እንዳይጠፋ ተጠንቅቃ እንድትጠቀም መምከር ከሕክምናው እንዳትቀር ይረዳል። በጾም ወቅትም በቂ ምግብና ውኃ እንድታገኝ ከነፍስ አባቷ ወይም ከሃይማኖት መሪዋ ጋር እንድትመካከር ማበረታታት ያስፈልጋል።

ሕክምናን የሚያስቋርጠው ብዙ ጊዜ የጎንዮሽ ጉዳቱ ሳይሆን የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና ቤት የቀሩት ልጆች ጉዳይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነች የአባልነት መታወቂያዋና የሪፈራል ሰንሰለቱ የተሟላ መሆኑ ከጉዞዋ በፊት ይታይ። በአዲስ አበባ እንደ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ለአንዳንድ ታካሚዎች የማረፊያ ድጋፍ ስለሚሰጡ አስቀድሞ ማጠያየቅ ይጠቅማል። ልጆቿን የሚጠብቅ፣ አብሯት የሚሰነብትም ሰው ማን እንደሆነ በስም ሊታወቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

የጨረር መሣሪያ ትክክለኛ መጠን በትክክለኛ ቦታ ሊሰጥ የሚችለው ታካሚዋ ክንዷ ተነሥቶ፣ ቁስሏ ድኖ፣ መረጃዋ ተሟልቶ፣ የሚደረግላትን አውቃና ፈቅዳ ስትቀርብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን የባለሙያው ጊዜ፣ ጥንቃቄና አክብሮት ነው። የሪፈራል ወረቀት የሚጽፍ እያንዳንዱ ባለሙያ ከመፈረሙ በፊት ስለ ትከሻዋ፣ ስለ ፓቶሎጂ ውጤቷ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ማረፊያዋና ስለ ፍርሃቷ ቢጠይቅ፣ የተጀመረ ሕክምና እንዲፈጸም የራሱን ድርሻ ተወጥቷል።